ብጉር የሚበዛበት ፊት እንዴት ይጠበቃል?

የሰው ልጅ ከሚለብሰው ሁሉ አውልቆ ሊለውጠው የማይችለው ልብስ ቆዳው ነው። ጋቢ ቢቀደድ ይሰፋል፤ ቀሚስ ቢያረጅ በሌላ ይተካል፤ የፊት ቆዳ ግን ባልታወቀ ቅባት ከተቃጠለ ወይም በጥፍር ከተቦጨቀ ምልክቱ ለብዙ ዓመት አብሮ ይኖራል። ስለዚህ ፊትን ስለ መጠበቅ መማር የቅንጦት ወይም የመሽቀርቀር ነገር ተደርጎ መታየት የለበትም። ጥርስን ስለ መቦረሽና እጅን ስለ መታጠብ እንደምንማር ሁሉ ይህም የጤና ትምህርት አንድ ክፍል ነው።

በልዩ ልዩ አገር የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 24 ዓመት ከሆነ ወጣቶች መካከል ከመቶው ወደ 85 የሚሆኑት ብዙም ሆነ ጥቂት ብጉር ያወጣሉ። እንግዲህ ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ሳይሆን የክፍላችን ሁሉ ጉዳይ ነው። እንዲህም ሆኖ ሳለ፣ መልሱን እያወቀ ሰው ፊቴን ያየዋል ብሎ እጁን የማያወጣ፣ ፎቶግራፍ ሲነሡ ከሰው ኋላ የሚሸሸግ ተማሪ በየትምህርት ቤቱ አለ። ከዚህ የባሰው ደግሞ ከኀፍረቱ ቶሎ ለመውጣት ሲል ስም የሌለውን ቅባት ገዝቶ ፊቱን የሚያበላሽ መኖሩ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ብጉር ምን እንደ ሆነ፣ በጥቂት ገንዘብና በጥቂት ደቂቃ እንዴት እንደሚያዝ፣ ከምንስ መራቅ እንደሚገባ በቀላል ቋንቋ ለማስረዳት ነው።

፩ኛ፤ ብጉር እንዴት ይፈጠራል?

ቆዳችን በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ እጅግ ብዙ ቀዳዳዎች አሉት። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ሥር አንዲት የጠጉር ሥር ትገኛለች፤ ከጠጉሩም ሥር አጠገብ ወዝ የምታመነጭ ትንሽ ዕጢ አለች። ወዙ በቀዳዳው በኩል ወደ ውጭ ፈስሶ ቆዳን ያለሰልሳል፤ ከመድረቅም ይጠብቀዋል። እነዚህ ዕጢዎች በብዛት የሚገኙት በግንባር፣ በአፍንጫ፣ በጉንጭ፣ በአገጭ፣ በደረትና በጀርባ ላይ ስለ ሆነ ብጉርም የሚበዛው በእነዚሁ ቦታዎች ነው።

አንድ ልጅ ወደ ጉርምስና ሲደርስ ሰውነቱ አንድሮጂን የተባሉትን ሆርሞኖች አብዝቶ ያመነጫል። እነዚህም ሆርሞኖች በወንድም በሴትም ሰውነት ይገኛሉ። ሆርሞኖቹ የወዝ ዕጢዎችን ስለሚያተጉ ወዙ ይበዛል። በዚያው ጊዜ የቀዳዳውን ውስጥ የሚሸፍኑት የሞቱ የቆዳ ቅንጣቶች እንደ ወትሮው ተራግፈው በመውጣት ፈንታ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው እንደ ውታፍ ይሆናሉ። ቀዳዳው ተደፈነ ማለት ነው። ከተደፈነው ቀዳዳ ኋላ ወዙ ይጠራቀማል፤ በዚያም ኩቲባክቴሪየም አክኔስ የተባለው በማንኛውም ሰው ቆዳ ላይ የሚኖር ባክቴሪያ ይራባል። ሰውነትም ይህን ሲያይ እንደ ጠላት ቆጥሮ ስለሚዋጋው ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይመግላል።

ስለዚህ ብጉር አራት ምክንያቶች ሲገናኙ የሚመጣ ነገር ነው፤ እነርሱም የወዝ መብዛት፣ የቀዳዳ መደፈን፣ የባክቴሪያ መራባትና የሰውነት መቆጣት ናቸው። እነዚህን አራቱን በልባችን ከያዝን ወደ ፊት የምንናገረው ሁሉ ምክንያቱ ግልጽ ይሆንልናል። እያንዳንዱ መድኃኒት ከአራቱ አንዱን ወይም ሁለቱን የሚመታ ነውና።

ሌላም ማስተዋል የሚገባን ነገር አለ። ቀዳዳው መደፈን ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ብጉሩ በዓይን እስኪታይ ድረስ ብዙ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። ዛሬ ጠዋት በመስታወት ያየነው ብጉር የትናንትና ምግብ ያመጣው እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። መድኃኒትም በሦስት ቀን ውጤቱን የማያሳየው በዚሁ ምክንያት ነው።

፪ኛ፤ የብጉር ዓይነቶች

ብጉር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቀዳዳው ከላይ ተሸፍኖ የተደፈነ እንደ ሆነ ነጭ ፍሬ የመሰለ ትንሽ እብጠት ይታያል። ቀዳዳው ክፍት ሆኖ የተደፈነ እንደ ሆነ ግን ጥቁር ነጥብ ይሆናል። ይህን ጥቁር ነጥብ ብዙ ሰው እድፍ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የውታፉ ጫፍ አየር ስለሚያገኘውና በውስጡም የቆዳ ቀለም ስላለበት ነው የሚጠቁረው። በሳሙና ቢፈትጉት አይለቅም።

ከእነዚህ ቀጥሎ የሚመጡት ጠንከር ብለው የቆሙ ቀያይ እብጠቶችና ጫፋቸው መግል የያዘ ብጉሮች ናቸው። በመጨረሻም በቆዳ ውስጥ ጠልቀው የሚገኙ፣ ሲነኩ የሚያሙ ትልልቅ ጓጉላዎች አሉ። እነዚህ ጠባሳ ስለሚያስቀሩ በቤት ውስጥ ሊታከሙ አይገባም፤ ያለ ሐኪም አይሆኑም።

እንደ እኛ ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላለው ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ብጉሩ ከዳነ በኋላ ቦታው ላይ ጥቁር ምልክት ይቀራል፤ ይህም ለብዙ ወራት ሊቆይ ይችላል። አብዛኛው ሰው የሚያዝነው በብጉሩ ሳይሆን በዚህ ምልክት ነው። ምልክቱ ግን እውነተኛ ጠባሳ ስላልሆነ ፊትን ከፀሐይ ከጠበቅነውና አዲስ ብጉር እንዳይወጣ ካደረግን በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል።

፫ኛ፤ የባሌ ደጋና ፊታችን

የምንኖርበት አገር ለቆዳ የራሱ የሆነ ጠባይ አለው። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ጎባ ደግሞ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ወደ ሳነቴ አምባ የወጣ ሰው 4,000 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ቱሉ ዲምቱም 4,377 ሜትር ነው። አጋርፋም በዚሁ ደጋ ላይ የምትገኝ የገብስና የስንዴ አገር ናት። ከባሕር ወለል ወደ ላይ 1,000 ሜትር ከፍ በተባለ ቁጥር ቆዳን የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር በመቶ ወደ 10 ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ በሮቤ ሜዳ ላይ የሚወርደው ጨረር በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ግን ፀሐይዋ የማትጎዳን ይመስለናል። ብርድና ጨረር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አንርሳ።

ሁለተኛው ነገር ነፋሱና ድርቀቱ ነው። በበጋ ወራት የደጋው ነፋስ ቆዳን ያደርቃል፤ ጉንጭም ይሰነጣጠቃል። ብጉር ያለበት ሰው «ፊቴ ወዛም ስለ ሆነ ቅባት አያስፈልገኝም» ብሎ ያስባል። ነገር ግን ቆዳው ከላይ ደርቆ ከሥር ወዝ ሊያመነጭ ይችላል። የደረቀ ቆዳ መድኃኒት ሲነካው ስለሚቃጠል ሰውየው መድኃኒቱን በሳምንቱ ይተወዋል።

ሦስተኛው ቅቤ ነው። ለጋ ቅቤ ጠጉርን እንደሚያለሰልስ የታወቀ ነው፤ የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ልማድም ስለ ሆነ አንነቅፈውም። ነገር ግን ቅቤው ቀልጦ በግንባርና በጉንጭ ላይ ሲወርድ ቀዳዳዎችን ይደፍናል። በ1970 እ.ኤ.አ. ፕሌቪግ፣ ፉልተንና ክሊግማን የተባሉ ሐኪሞች በአሜሪካ ወፍራም የጠጉር ቅባት የሚቀቡ ጥቁር ሰዎችን መርምረው፣ በግንባራቸውና በጆሮ ግንዳቸው አጠገብ የሚወጣው ብጉር ከጠጉር ቅባቱ የመጣ መሆኑን ጽፈዋል። በግንባሩ ዳር ዳር ብቻ ጥቃቅን ብጉር የሚያወጣ ሰው እንግዲህ ወደ መድኃኒት ቤት ከመሄዱ በፊት የጠጉር ቅባቱን ይመርምር። ቅቤ ወይም ሌላ የጠጉር ቅባት የሚቀባ ሰው ከግንባሩ አርቆ ይቀባ፤ ሲተኛም ጠጉሩን በሻሽ ይሸፍን፤ የትራሱንም ጨርቅ በየሳምንቱ ይጠብ።

፬ኛ፤ የየዕለቱ ሥርዐት

የፊት አጠባበቅ ሥርዐት ብዙ ዕቃ አይፈልግም። ሦስት ነገሮች ይበቃሉ፤ ማጠብ፣ ማለስለስ፣ መጠበቅ። መድኃኒት አራተኛው ነው፤ የሚጨመረውም ሦስቱ ከተለመዱ በኋላ ነው።

ጠዋት፤ ፊትን ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ የገላ ሳሙና ማጠብ። በጣም የፈላ ውሃ ቆዳን ያደርቃል። የልብስ ሳሙና ፈጽሞ ለፊት አይሆንም፤ ኃይሉ ለልብስ እድፍ የተሠራ ነውና። ሳሙናውን በመዳፍ አረፋ አድርጎ በጣት ጫፍ በዝግታ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ማሸት፣ ከዚያም በደንብ ማለቅለቅ ይበቃል። በሻካራ ጨርቅ፣ በሰፍነግ ወይም በአሸዋ መፈተግ ብጉሩን ያስቆጣዋል እንጂ አያጠፋውም። ከታጠቡ በኋላ በራስ ፎጣ ጫን ጫን እያደረጉ ማድረቅ ነው፤ ማሸት አይደለም።

ቀጥሎ ቆዳው ገና ርጥበት ሳለው ቀለል ያለ ሎሽን መቀባት ያስፈልጋል። ሎሽን የማይገኝ እንደ ሆነ ግሊሰሪን በሁለት ወይም በሦስት እጥፍ ንጹሕ ውሃ ቀጥኖ ጥቂት ጠብታ ቢቀቡት ይጠቅማል። ገዝቶ ለሚጠቀም ሰው ደግሞ በዕቃው ላይ ቀዳዳ የማይደፍን መሆኑ የተጻፈበትንና ሽቶ የሌለበትን መምረጥ ይሻለዋል።

በመጨረሻ ፊትን ከፀሐይ መጠበቅ ነው። የጸሐይ መከላከያ ክሬም ማግኘት የሚችል ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ይቀባ። ለማይችል ግን ሰፊ ባርኔጣ፣ ጃንጥላ ወይም ሻሽ አለ። በተለይ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ በጥላ መሄድ ያለ ገንዘብ የሚገኝ መድኃኒት ነው።

ማታ፤ ከመተኛት በፊት እንደ ጠዋቱ መታጠብ። ቀኑን ሙሉ የተጠራቀመው አቧራ፣ ላብና ቅባት በትራስ ላይ አብሮን ማደር የለበትም። ከዚያ መድኃኒት የሚጠቀም መድኃኒቱን፣ ቀጥሎም ሎሽኑን ይቀባል።

በቀን ሁለት ጊዜ በሳሙና መታጠብ በቂ ነው። ኳስ ተጫውቶ ወይም አጨዳ ውሎ ያላበው ሰው አንድ ጊዜ ሊጨምር ይችላል። ለሶላት ውዱእ የሚያደርጉ ጓደኞቻችን በቀን አምስት ጊዜ ፊታቸውን በውሃ ይታጠባሉ፤ ይህ በንጹሕ ውሃ ብቻ ስለ ሆነ ጉዳት የለውም። በየጊዜው ሳሙና መጨመር ግን አያስፈልግም። ፊቱ እንዳይደርቅ የሚሻ ሰው ከጠዋቱና ከማታው መታጠብ በኋላ ሎሽኑን አይርሳ።

የቆዳውን ጠባይ ለማወቅ የሚፈልግ ይህን ቀላል ሙከራ ያድርግ። ፊቱን ታጥቦ ምንም ሳይቀባ አንድ ሰዓት ይቆይ። ከዚያ ስስ ወረቀት ወይም ሶፍት ወስዶ በግንባሩ፣ በአፍንጫውና በጉንጩ ላይ ለየብቻ ይጫን። ወረቀቱን በብርሃን ፊት ቢያየው የወዝ ምልክት የት እንደ በዛ ይገነዘባል። በግንባርና በአፍንጫ ብቻ ወዝ ያለበት ሰው ለጉንጩ ሎሽኑን ጨመር፣ ለግንባሩ ቀነስ ያድርግ።

፭ኛ፤ ስለ መድኃኒት

ቀላልና መካከለኛ ለሆነ ብጉር ከታወቁት መድኃኒቶች አንዱ ቤንዞይል ፐሮክሳይድ ነው። ይህ መድኃኒት በቀዳዳው ውስጥ ኦክሲጅን እየለቀቀ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ውታፉንም በመጠኑ ይፈታል። ባክቴሪያው ሊለምደው አለመቻሉ ትልቅ ጥቅም ነው። በመቶ 2.5፣ 5 እና 10 ሆኖ ይሠራል። ኃይለኛው የበለጠ ይፈውሳል ብሎ 10ሩን መሻት ስሕተት ነው፤ 2.5ቱ ከሞላ ጎደል እኩል ይሠራል፤ የሚያቃጥለው ግን እጅግ ያነሰ ነው።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። አንዲት የአተር ፍሬ የምታህል ወስዶ ብጉር በሚበዛበት ቦታ ሁሉ ላይ ስስ አድርጎ መቀባት። በወጣው ብጉር ላይ ብቻ ነጠብጣብ ማድረግ ገና በመደፈን ላይ ያሉትን ስለማይደርስባቸው ጥቅሙ ጥቂት ነው። ዓይንን፣ ከንፈርንና የአፍንጫን ቀዳዳ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድ ማታ እየዘለሉ፣ ቆዳው ከለመደው በኋላ በየማታው መቀባት ይቻላል። የጨርቅ ቀለም ስለሚያነጣ ባለቀለም ትራስና ነጠላ ይጠንቀቁ። ጥቂት መድረቅና መላጥ የተለመደ ነው፤ ፊቱ የሚያብጥ ወይም የሚያሳክክ ከሆነ ግን ማቆምና ሐኪም መጠየቅ ይገባል።

አዳፓሊን የተባለው ደግሞ ቀዳዳ እንዳይደፈን የሚያደርግ የማታ መድኃኒት ነው። በመቶ 0.1 የሆነው በአሜሪካ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ ተፈቅዷል። እኛ ግን የጤና ባለሙያ ሳናማክር ባንጀምረው ይሻላል። ነፍሰ ጡር ሴት ልትጠቀምበት አይገባም። ሳሊሲሊክ አሲድ በመቶ ከ0.5 እስከ 2 ሆኖ ጥቁር ነጥቦችን ለማላላት ይረዳል። ሁሉንም በአንድ ቀን ደርቦ መቀባት ግን ቆዳን ይልጣል፤ በአንዱ መጀመር ነው።

አሁን ሁለት ተማሪዎችን በሐሳባችን እናስብ። አንደኛው ሰኞ መድኃኒት ጀምሮ እስከ ዓርብ ለውጥ ስላላየ ጣለው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ገዛ፤ በሦስተኛው ሳምንት ጓደኛው የነገረውን ቀባ። ሁለተኛዋ አንድ መድኃኒት ብቻ ይዛ፣ በደብተሯ ላይ ቀኑን እየመዘገበች ለ12 ሳምንት ቆየች። ከሦስት ወር በኋላ የመጀመሪያው ብዙ ገንዘብ ያወጣ ሲሆን የትኛው መድኃኒት ይረዳው እንደ ነበር እንኳ አያውቅም። ሁለተኛዋ ግን ፊቷ ተሽሎ ይሆናል፤ ባይሻልም ለሐኪሙ «ይህን ያህል ጊዜ ይህን ተጠቅሜአለሁ» ብላ ልትናገር ትችላለች። ለውጥ መታየት የሚጀምረው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ሙሉው ፍርድ የሚሰጠው በ12ኛው ሳምንት ነው። ትዕግሥት የመድኃኒቱ ግማሽ ነው።

፮ኛ፤ ፈጽሞ መራቅ የሚገባን ነገሮች

ብጉርን በጥፍር መጭመቅ መግሉን ወደ ውጭ ብቻ ሳይሆን ወደ ውስጥም ስለሚገፋው ትንሹን ብጉር ትልቅ ያደርገዋል፤ ጠባሳም ያስቀራል። ሎሚ መቀባት ቆዳን ያቃጥላል፤ ፀሐይ ሲነካው ደግሞ ውሃ እስኪቋጥርና እስኪጠቁር ድረስ ሊጎዳ ይችላል። የጥርስ ሳሙናም ለጥርስ እንጂ ለብጉር አልተሠራም።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚቀቡ የስቴሮይድ ክሬሞች ናቸው። ቤታሜታሶን፣ ክሎቤታሶልና ሞሜታሶን የሚባሉት ሐኪም ለተወሰነ በሽታና ለተወሰነ ቀን ሲያዛቸው ጠቃሚ መድኃኒቶች ናቸው። ለፊት ማቅያ ተብለው በየቀኑ ሲቀቡ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቅላቱና እብጠቱ ስለሚጠፋ፣ ፊቱም ስለሚቀላ ሰው ይደሰታል። ከዚያ በኋላ ቆዳው እየሳሳ ይሄዳል፤ የደም ሥሮች ይታያሉ፤ ጠጉር ይበቅላል፤ ራሱ መድኃኒቱም አዲስ ብጉር ያስወጣል። ሊያቆሙት ሲሞክሩ ፊቱ ይቆጣል፤ ስለዚህ ተመልሰው ይቀቡታል፤ እንዲህ እያለ ባርያ ያደርጋል። ጭርት ላይ የተቀባ እንደ ሆነም ጭርቱን ሸፍኖ ያስፋፋዋል። ይህን የመሰለ ክሬም ለረጅም ጊዜ የተቀባ ሰው በኀፍረት ዝም ከማለት ይልቅ ዕቃውን ይዞ ወደ ሐኪም ይሂድ።

ቆዳን ለማንጣት ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ደግሞ ሜርኩሪ አለባቸው። ሜርኩሪ በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል። በ2013 እ.ኤ.አ. በጃፓን አገር የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ የተጨመረባቸውን የማንጫ ክሬሞች እንዲቀሩ ካደረጋቸው ዕቃዎች መካከል ቆጥሯቸዋል። እንግዲህ በጽሑፉ ላይ የተሠራበት ነገር ዝርዝር የሌለው፣ በትንሽ ብልቃጥ ተቀላቅሎ የሚሸጥ፣ «በሳምንት ያጠፋል» የሚባል ክሬም የቱንም ያህል ርካሽ ቢሆን አይገዛ። ጠይምነታችን በሽታ አይደለም፤ የሚታከመው ብጉሩ እንጂ መልካችን አይደለም።

፯ኛ፤ ስለ ምግብ

በፓፑዋ ኒው ጊኒ በምትገኘው የኪታቫ ደሴት ተመራማሪዎች 1,200 ነዋሪዎችን መርምረው ብጉር ያለበት ሰው እንዳላገኙ በ2002 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እነዚህ ሰዎች ስኳርና የፋብሪካ ምግብ የማይበዛባቸው ነበሩ። በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአውስትራሊያ 43 ብጉር ያለባቸው ወጣት ወንዶች ለ12 ሳምንት ተከፍለው ሲጠኑ፣ ስኳሩ ቶሎ ወደ ደም የማይገባ ምግብ የበሉት የበለጠ ተሽሏቸዋል። ከዚህ የምንማረው ምግብ ብቻውን ብጉርን ያመጣል ማለትን አይደለም፤ ስኳር መቀነስ ግን ሊረዳ ይችላል።

ለእኛ ይህ አስቸጋሪ አይደለም። የአገራችን ገብስ በቂንጬ፣ በበሶና በቆሎ መልክ ሲበላ ከብስኩትና ከለስላሳ መጠጥ የተሻለ ነው። በሻይ ላይ አራት ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ወደ አንድ ያውርድ። ወተትን በሚመለከት አንዳንድ ጥናቶች ከብጉር ጋር ጥቂት ግንኙነት አሳይተዋል፤ ነገር ግን በማደግ ላይ ያለ ልጅ ለዚህ ብሎ ወተት መተው አይገባውም።

፰ኛ፤ ወደ ሐኪም የሚኬደው መቼ ነው?

የሚያሙ ጓጉላዎች ያወጣ፣ ጠባሳ መቅረት የጀመረበት፣ ለ12 ሳምንት በትክክል ተጠቅሞ ያልተሻለው፣ ወይም በብጉሩ ምክንያት ከትምህርትና ከሰው መራቅ የጀመረ ተማሪ ወደ ጤና ባለሙያ መሄድ አለበት። የወር አበባዋ የሚዛባባትና በፊቷ ላይ ጠጉር የሚበዛባት ልጃገረድም እንዲሁ ታድርግ፤ ምክንያቱ ሆርሞን ሊሆን ይችላልና። መጀመሪያ በአቅራቢያ ያለ ጤና ጣቢያ ይኬዳል፤ ካስፈለገም ወደ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል መላክ ይቻላል። በአዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ የተቋቋመ ሲሆን በቆዳ በሽታ ሕክምና የታወቀ ነው።

ሐኪም እንደ ዶክሲሳይክሊን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በፀሐይ ቶሎ ስለሚቃጠል በእኛ ደጋ ባርኔጣውን አይርሳ። ለከባድ ብጉር የሚታዘዘው አይሶትሬቲኖይን እጅግ ኃይለኛ ነው፤ በማኅፀን ያለውን ፅንስ ክፉኛ ስለሚጎዳ ያለ ሐኪም ቁጥጥር ከቶ አይነካም። የሰው ትርፍ መድኃኒት ተበድሮ መዋጥም ክልክል ነው።

ብጉር የሚመስሉ ሌሎች ነገሮችም አሉ። ጺም ከተላጩ በኋላ በአንገት ላይ የሚወጣው ሽፍታ ብዙ ጊዜ ጠጉሩ ተጠምዞ ወደ ቆዳ ተመልሶ በመግባቱ የሚመጣ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ አገሮች የሚታወቀው ቁንጭር ደግሞ የአሸዋ ዝንብ በምትባል ጥቃቅን ነፍሳት የሚተላለፍ ነው። በፊት ላይ እንደ ብጉር ይጀምርና ሳያምም፣ ሳይድንም ለወራት እየሰፋ ይሄዳል። እንግዲህ በወራት ያልዳነ አንድ ብቻውን ያለ እብጠት «ብጉር ነው» ተብሎ አይተው።

፱ኛ፤ ለወላጆችና ለመምህራን

ብጉር የንጽሕና ጉድለት ምልክት አይደለም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ክፉ ሐሳብ ያመጣዋል የሚለውም ወሬ ነው። «ስታገባ ይለቅሃል» ማለት ደግሞ የሚያጽናና ቢመስልም ልጁ እስከዚያ ድረስ ጠባሳ እያተረፈ እንዲቆይ ያደርገዋል። እውነት ነው፤ ብዙ ሰው ከሃያ ዓመቱ በኋላ ይሻለዋል፤ ጠባሳው ግን ከብጉሩ ጋር አይሄድም። ስለዚህ ወላጆች ልጃቸው ስለ ፊቱ ሲነግራቸው እንደ ቀላል ነገር ባያዩት፣ የሚቀባውንም ክሬም በመቆጣት ሳይሆን በመጠየቅ ቢያውቁት መልካም ነው። ልጁ ከተቆጡት ይደብቃል፤ ከደበቀም የሚገዛውን የሚያውቅ አይኖርም።

መምህራንም በክፍል ውስጥ በሰው ፊት መሳለቅን እንደ ሌላው ስድብ ሁሉ ቢከለክሉ ለትምህርቱም ይበጃል። እጁን ለማውጣት የሚፈራ ተማሪ ዕውቀቱን ይዞ ይቀራልና።

ጓደኞቼ ሆይ፤ የተነገረውን ሁሉ በአጭሩ ብንሰበስበው እንዲህ ይሆናል። በቀን ሁለት ጊዜ በዝግታ ታጠቡ፤ ቆዳችሁን አለስልሱ፤ ከደጋው ፀሐይ ተጠበቁ፤ አንድ መድኃኒት ይዛችሁ 12 ሳምንት ታገሡ፤ ስም የሌለውን ክሬም አትግዙ፤ ካልተሻላችሁ ሐኪም ጠይቁ። ብጉር ያለበትን ጓደኛችሁን ስታዩም ከፊቱ በፊት ዓይኑን ተመልከቱ።

ለክፍል ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

፩. ብጉርን የሚያመጡት አራቱ ምክንያቶች የትኞቹ ናቸው? ቤንዞይል ፐሮክሳይድ የትኞቹን ይመታል?

፪. ጥቁር ነጥብ በሳሙና ብዛት የማይለቀው ለምንድን ነው?

፫. በጎባ የሚኖር ሰው በባሕር ዳርቻ ከሚኖረው ይልቅ ፊቱን ከፀሐይ መጠበቅ ያለበት ለምንድን ነው?

፬. የስቴሮይድ ክሬም በመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ መስሎ በኋላ የሚጎዳው እንዴት ነው? ለታናሽ እኅታችሁ ወይም ወንድማችሁ አስረዱ።